ያላመመ ሕመም የማን ነው?

ድምፅ ማጉያ የጫነች ፒክአፕ በአዳማ ዋና መንገድ ቀስ እያለች ስታልፍ ያላየ የከተማዋ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጎኗ ላይ ባነር ተወጥሯል። ባነሩ ላይ የጡት ካንሰር የያዛት የአንዲት ሴት ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ወጣቶች ካርቶን ይዘው በባጃጆች መካከል ይሯሯጣሉ። ማጉያው አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአፋን ኦሮሞ ወገን እንዲደርስላት ይጣራል። ወገንም ይደርሳል። ሊስትሮው ይሰጣል፣ የባጃጅ ሹፌሩ ይሰጣል፣ ከጅቡቲ መንገድ የገባው የከባድ መኪና ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይሰጣል። ኦሮሞ ናት፣ አማራ ናት፣ ጉራጌ ናት ወይስ ስልጤ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔም ሰጥቻለሁ። መኪናዋ ካለፈች በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይቀራል። ይህች ሴት እጃችን እንዲዘረጋላት መጀመሪያ ምን መሆን ነበረባት?

መክሳት ነበረባት። ጸጉሯ መርገፍ ነበረበት። የሚያውቋትም የማያውቋትም እንዲያዩት ፊቷን አደባባይ ላይ መስቀል ነበረባት። ሐኪም በቀላሉ ሊደርስላት ይችል የነበረው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ምንም በማይታይባት ጊዜ ነበር፤ ገበያ እየወጣች፣ ቡና እያፈላች፣ የእድሯን እየከፈለች በነበረችበት ጊዜ። የእኛ ርኅራኄ የሚነቃበት ሰዓትና ሕክምናው የሚሠራበት ሰዓት ተላልፈዋል። ስለ ጡት ካንሰር ማወቅና ማሳወቅ፣ ገንዘብ መስጠትና መቀበል ሲባል እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መተላለፍ ነው።

ምክንያቱን ስፈልግ መጀመሪያ ያገኘሁት ቋንቋችን ውስጥ ነው። በአማርኛ «ሕመም» የምንለው በሽታውንም ሥቃዩንም ነው። «አመመኝ» ያለ ሰው ታሟል፤ ያላመመው ግን ምን ብሎ ይናገራል? በአፋን ኦሮሞም «ዹኩባ» በሽታ ነው፣ «ዹኩቢ» ደግሞ ሥቃይ፤ ሁለቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚነገሩት ሁለቱ ታላላቅ ቋንቋዎች በዚህ ነገር ይስማማሉ፤ የማያም በሽታ ለማሰብ ያስቸግራቸዋል። የጡት ካንሰር ደግሞ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። እጅ የሚነካው ጠጠር፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተጨማደደ ቆዳ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ያለበት ፈሳሽ፣ በብብት ሥር ያበጠ ነገር ሊሆን ይችላል። ሴትየዋ ትነካዋለች፣ አያማትም፣ ስለዚህ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። ሥቃይ በሌለበት እርዳታ መጠየቅ ራስን ማሞላቀቅ መስሎ ስለሚታያት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታዩ 1070 የጡት ካንሰር ሕሙማን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት አለ። ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉ ከ43 ዓመት በታች ነበሩ። ዕጢው ሲለካም በግማሽ ያህሉ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ደርሶ ነበር። ይህ የደህና ሎሚ መጠን ነው። አንዲት ልጆች የምታሳድግ፣ ሠርታ የምታበላ ሴት አንድ ሎሚ ያህል ሸክም በደረቷ ይዛ ለማንም ሳትነግር ኖራለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር እንደተያዙና 9 ሺህ ያህል እንደሞቱ ዓለም አቀፉ የካንሰር መረጃ ይገምታል። ከእነዚህ ስንቶቹ ሎሚያቸውን ብቻቸውን ተሸክመው እንደነበር ማሰብ ከባድ ነው።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ስለ መዋጮ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለብኝ፤ ምጽዋትና መዋጮ።

ምጽዋት ካለው ወደሌለው ይሄዳል። የተቀባዩን ፊት ይፈልጋል፤ ማየት፣ ማዘን፣ መመረጥ አለበት። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ታዋቂ ድርሰት፣ መልስ ሊከፈልበት የማይችል ስጦታ ተቀባዩን ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ሃይማኖቶቻችን ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ክርስትናም እስልምናም ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ ያስተምራሉ። ምጽዋትም ሰደቃም ቢሰወሩ ይመረጣል። የሚሰወረው የሰጪው ስም ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም ፊት ነው። የዛሬው የጎዳና ጥሪ ግን ሰጪውን ሰውሮ ተቀባይዋን ይገልጣል። ወጣቶቹን አልወቅስም፤ የሚሮጡት ሌላ መንገድ ስላጡ ነው። መወቀስ ካለበት ሌላ መንገድ ያላበጀነው እኛ ነን።

መዋጮ የተለየ ነገር ነው። በእድር፣ በአፎሻ፣ በጽዋ ማኅበር ሰው የሚያገኘውን የሚያገኘው አባል ስለሆነ ነው። እድርተኛ ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው ሟቹ ጥሩ ሰው ነበር ወይ ተብሎ ተጠይቆ አይደለም። ከፍሏል፣ ይገባዋል። በኦሮሞ ባህል ቡሳ ጎኖፋ የተጎዳን ሰው መልሶ የማቋቋም ግዴታ ነው፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው የሚሰጠውን ሲቀበል አንገቱን አይደፋም፣ ነገ እሱም ያዋጣልና። የኦሮሚያ ክልል ይህን ሥርዓት በቅርብ ዓመታት በተቋም ደረጃ አደራጅቶታል። ምጽዋት የሚጠይቀው «ታሳዝናለች ወይ?» ብሎ ነው። መዋጮ ግን «የእኛ ናት ወይ?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ በሽታው እስኪታይ ይጠብቃል። ሁለተኛው መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ያላመማት ሴትም የእኛ ናት።

የዓለሙን የጡት ካንሰር ዘመቻ ታሪክ ስመለከት ይኸው ልዩነት ይታየኛል። ሮዝ ሪባን ሮዝ ከመሆኑ በፊት ሌላ ቀለም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሻርሎት ሄይሊ የተባለች የካሊፎርኒያ ሴት፣ ቤተሰቧ ውስጥ በሽታው ደጋግሞ የገባባት፣ የኮክ ፍሬ ቀለም ያለው ሪባን በእጇ እየሠራች ታድል ነበር። ከሪባኑ ጋር በምትሰጠው ካርድ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በጀት 1.8 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ሳለ ለመከላከል የሚውለው 5 በመቶ ብቻ መሆኑን ትነግር ነበር። ሒሳብ የምትጠይቅ አባል ነበረች። አንድ መጽሔትና አንድ የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ ሪባኑን ሲፈልጉት ለንግድ አይሆንም አለች፤ እነሱም ቀለሙን ወደ ሮዝ ቀይረው እ.ኤ.አ. በ1992 አሰራጩት። ሮዙ ሪባን ብዙ ሴቶችን እንዳነቃና ብዙ ገንዘብ እንዳሰባሰበ አልክድም። ካርዱ ግን ቀረ። ጥቅምት በመጣ ቁጥር እዚህም ሮዝ ቲሸርት ስንለብስ ጥያቄውን አብረን እንድንለብስ እመኛለሁ።

ሌላው እንቅፋት ስሙ ነው። በአማርኛ «ነቀርሳ» የምንለው በሽታውን ብቻ አይደለም። ሙስና ነቀርሳ ነው፣ ጥላቻ ነቀርሳ ነው፣ የማንወደው ወገን የአገር ነቀርሳ ነው እንላለን፤ ነቀርሳ ደግሞ ተቆርጦ ይጣላል እንላለን። አሜሪካዊቷ ሱዛን ሶንታግ ራሷ የጡት ካንሰር ታክማ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ የተከራከረችው ይህንኑ ነው፤ በሽታን ምሳሌ ማድረግ በታማሚው ላይ ሌላ በሽታ መጨመር ነው። በየመድረኩ እንደ እርግማን የሚወረወር ቃል አንዲት ሴት ሐኪም ፊት ተቀምጣ ስሟ ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚሰማት እናስብ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንመክራታለን። ስሙን እርግማን አድርገን ያስደበቅናት ግን እኛ ነን።

ዝምታ እንደሚሰበር ይህ አካባቢ ያውቃል። አዳማ በጅቡቲ መስመር ላይ ያለች ከተማ ናትና የኤች አይ ቪን ዘመን በደንብ ታስታውሳለች። መጀመሪያ በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር። ከዚያ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ተነሥተው ተናገሩ፤ ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው በእነዚህ ሰዎች ነው። ቀስ በቀስም ብዙ እድሮች ቀብር ብቻ ያስፈጽም የነበረውን ሥራቸውን አስፍተው ሕሙማንን መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። እድር ለሞት ብቻ የተፈጠረ ነው የሚል ሕግ የለም። አባላት የጻፉትን መተዳደሪያ አባላት ያሰፉታል።

ግን የተለያየ ሃይማኖትና ቋንቋ ባለበት ከተማ «የእኛ ናት» የሚለው ቃል እስከ የት ይደርሳል? የጽዋ ማኅበሩ የክርስቲያኖች ነው፣ አፎሻው በአብዛኛው የሙስሊሞች፣ የአንዱ ሰፈር እድር ከሌላው ይለያል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ የማገኘው ራሱን ጡትን ነው።

በአማራው ባህል «የጡት ልጅ» የሚባል ዝምድና ነበር፤ ባዕድ የነበረ ሰው ጡት ተጣብቶ ልጅ ይሆናል። በኦሮሞ «ሃርማ ሆዻ» አለ፤ ጡት በመጥባት ዘመድ መሆን። ሃርማ ጡት ነው፣ ሃርሜ እናት። በእስልምና ደግሞ ከአንዲት ሴት ጡት የጠባ ሕፃን ልጇ ይሆናል፤ ልጆቿም ወንድምና እህቶቹ ስለሚሆኑ አይጋቡም። ሦስቱም ሥርዓቶች ከየራሳቸው መንገድ መጥተው አንድ ነገር ላይ ደርሰዋል፤ ሰውን ዘመድ የሚያደርገው ደም ብቻ አይደለም፣ ጡትም ነው። እኛ ነውር ብለን የምንሸፍነውና ስሙን ለመጥራት የምናፍርበት የአካል ክፍል፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሰውን ከሰው ያስተሳሰሩበት ነው። በእሱ ላይ የሚመጣ አደጋ የአንዲት ሴት ገመና ብቻ ሊሆን አይችልም።

አርሲዎች ይህን በተግባር ያውቁታል። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ሲንቄ የሚባል በትር ትቀበላለች። ሴት ስትበደል የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ፍትሕ ሳይሰጥ ወደ ቤት አይመለሱም። የተበደለችው አንዷ ናት፣ የወጡት ሁሉም ናቸው። ሲንቄ የመጣው ስለ በሽታ አይደለም፤ የአንዲት ሴት ገላ የሴቶች ሁሉ ጉዳይ ነው የሚለው ሐሳቡ ግን በዝዋይና በቢሾፍቱ የአበባ እርሻዎች አብረው ለሚውሉ ሴቶችም፣ በወንጂ የሸንኮራ መንደሮች አብረው ቡና ለሚጠጡ ሴቶችም ይሠራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከምታስተምርበት አንድ ቀን ይልቅ በየሳምንቱ የሚፈላ ቡና ለብዙ ሴት ይደርሳል። አንዷ «ጠጠር ነገር ነካሁ፣ አያመኝም» ስትል ሌሎቹ «ካላመመሽ ተዪው» ከሚሏት «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» ቢሏት ማሳወቅ ማለት ይኸው ነው።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይገባዋል። የካንሰር ሕክምና ውድ ነው፤ የድሃ እድር ሊከፍለው አይችልም። እውነት ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ መሣሪያና ባለሙያ የሚያቆመው መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሙከራው የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንም ራሱ ትልቅ መዋጮ ነው፤ ማደግ ያለበትም እንደ መዋጮ ነው፣ ያልታመመው ለታመመው የሚከፍልበት። የእድር ድርሻ ከዚህ ያነሰ ቢመስልም ሌላ ማንም የማይሞላው ነው፤ የትራንስፖርት፣ የማረፊያ፣ የምርመራ ገንዘብ፣ ልጆቿን የሚያውልላት ጎረቤት። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ጡት ካንሰር ባወጣው ዕቅድ ሴቲቱ ጤና ተቋም ከደረሰችበት ቀን አንሥቶ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ይጠይቃል። ከአርሲ ነገሌ ገጠር ለመጣች ሴት እነዚያ 60 ቀናት የሚያልቁት በአውቶቡስ ሒሳብ ነው። የአራት ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ከሩቅ ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ማሰናዳቱ ይህን ስለተረዳ ነው። አንድ ቤተሰብ የራሱን ሐዘን ለማያውቃቸው ሰዎች መዋጮ አድርጎታል።

ያቺ ፒክአፕ ነገም በአዳማ መንገድ ታልፋለች። ቆመን እንስጥ፤ በባነሩ ላይ ያለችው ሴት ዛሬ ያላት ተስፋ እኛ ነን። ማታ ቤት ስንገባ ግን ሌላ ሴት አለች። ፎቶዋ የትም አልተሰቀለም፣ አልከሳችም፣ ምንም አላመማትም። እጇ ብብቷ ሥር ቆይቶ ተመልሷል። የእድሩ ስብሰባ እሑድ ነው። እሷም ትመጣለች፣ ወርኃዊዋን ትከፍላለች። ለድንኳኑና ለወንበሩ የሚወጣውን ገንዘብ አስቀድመን እንደምናዋጣው ሁሉ፣ በሕይወት እያለች ለምትሳፈርበት አውቶቡስም እንድናዋጣ በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን ያንሣ። መተዳደሪያው ላይ የሚጨመረው አንድ አንቀጽ ነው።