ያገለገለን ነገር ስለ መጠበቅ

«ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላሉ አባቶቻችን። እንግዲያስ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ በድካሙና በገንዘቡ የሚጠብቅ ሰው ጠቢብ ነው ወይስ ሞኝ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ስለ ምስጋናና ስለ ዕውቀት የሚጠይቅ ነው። እኔም የእንፋሎት ባቡርን ምሳሌ አድርጌ ልመረምረው አስባለሁ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት የሚደክምበትን መንገድ ባቡሩ በጥቂት ቀን ፈጸመው። በዚያ ዘመን ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ በእንፋሎት የሚሠራ ነበር፤ ይኸውም እሳቱ ውሃውን ያፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑም በብረት ክንድ መንኮራኩሩን ያዞራል። ኋላ ናፍጣ ተተካ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መሥመር ተመረቀ። እንፋሎትም ሥራውን ጨርሶ ዐረፈ።

ይህ ማሽን በተወለደበት በብሪታንያም ነገሩ እንዲሁ ሆነ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 የእንፋሎት ባቡር ከአገሪቱ መደበኛ አገልግሎት ወጣ። ሆኖም አስቀድሞ በ1951፣ በዌልስ ታሊሊን የሚባለው ትንሽ መሥመር ሊዘጋ ሲል፣ ደመወዝ የማይቀበሉ ወዳጆቹ ተሰብስበው ሥራውን ተረከቡ። ባሪ በምትባል የወደብ ከተማም፣ በአንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴ ግቢ ሊቆራረጡ ከተከማቹት ሎኮሞቲቮች 213ቱ ተገዝተው ከመጥፋት ዳኑ።

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢዬ፣ «እነርሱ ጠግበው ነው፤ እኛ ግን የእህልን ነገር ገና አልጨረስንም» ሳይለኝ አይቀርም። በመምህርነቴ ዘመን ተማሪዎቼም ስለ አሮጌ ነገር ባነሣሁ ቁጥር ይህንኑ ይሉኝ ነበር። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ የሕፃን እንጀራ ከማናቸውም ብረት ይቀድማል። ነገር ግን የሚከተለውን ተመልከቱ።

እንግሊዞች በ1948 እና በ1949 የሠሯቸው የአንድ ዓይነት 49 ሎኮሞቲቮች አንድም ሳይቀር ተቆራርጠው ጠፉ። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ወዳጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ተመሳሳዩን እንደ አዲስ ለመሥራት ተነሡ፤ ቶርኔዶ ብለው የሰየሙትም በ2008 ተፈጸመ። ዳሩ ግን ዋናውን የውሃ ማፍያ የሚሠራ ፋብሪካ በአገራቸው ስላልተገኘ፣ በጀርመን አገር በማይኒንገን ከተማ አሠርተው አስመጡ። እነሆ፣ ባቡርን ለዓለም ያስተማረ ሕዝብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የገዛ እጁን ጥበብ ከሌላ አገር ገዛ። ብረት በመጋዘን ይቀመጣል፤ የእጅ ዕውቀት ግን የሚቀመጠው በሰው ላይ ብቻ ነው። ሀብታም የጣለውን ዕውቀት በገንዘቡ መልሶ ይገዛል። ድኻ ግን በምን ይገዛዋል? ስለዚህ ያለውን ዕውቀት እንዳይጥል ከሀብታም ይልቅ ሊጠነቀቅ የሚገባው ድኻው ነው።

በጎረቤታችን በኤርትራ የአስመራና የምጽዋ ባቡር በጦርነት ፈርሶ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ውሎ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ተመልሰው ወጣቶቹን እየመሩ መሥመሩን አቀኑ፤ አሮጌዎቹንም ሎኮሞቲቮች ጠግነው አስነሡ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ባይገኙ ኖሮ ያን ብረት ማን ያናግረው ነበር?

ለእኛ ለዋጃና ለቆቦ ሜዳ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ገበሬያችን ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራል። ጎርፉ ግድቡን ያፈርሳል፤ ገበሬውም መልሶ ያቆመዋል። እንግዲህ ግድቡ ዘወትር አዲስ ነው፤ አሮጌው ነገር ውሃው የት እንደሚጠለፍ የሚያውቀው የሽማግሌው ዐይን ነው። አንድ ትውልድ ብቻ ይህን ሳይማር ቢያልፍ ጎርፉ መውረዱን አይተውም፤ ለማሳችን ግን አይታዘዝም።

ይሁን እንጂ አሮጌን መውደድ ልክ አለው። «የድሮ ሁሉ ደግ ነበር» የሚል ሰው ታሪክን አልጠበቀም፤ ሸፈነው እንጂ። የእንፋሎት ባቡር እሳት አንዳጁን በሙቀትና በጥቀርሻ ያሠቃይ ነበር። ያን በረሃ አቋርጠው ሐዲዱን የዘረጉት የቀን ሠራተኞች ስማቸው በድንጋይ ላይ አልተጻፈም። አሮጌን ነገር በእውነት የሚጠብቅ ሰው ክብሩን ብቻ ሳይሆን ላቡንም አብሮ ይጠብቃል። ያለዚያማ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይሆናል።

በድሬዳዋ የድሮው ባቡር የጥገና ሥፍራ አለ። ከብረቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ መፍቻውን ከሽማግሌው እጅ የሚቀበል ወጣት የመኖሩና ያለመኖሩ ነገር ነው። ስለዚህ እናንተ ወጣቶች፣ አዲሱን ባቡር በደስታ ተሳፈሩ፤ ላለፈ ክረምትም ቤት አትሥሩ። ነገር ግን ለሚመጣው ክረምት ቤት የሚሠራው፣ ባለፈው ክረምት ቤት መሥራትን የተማረ ሰው መሆኑን አትርሱ። በየሠፈራችሁ ቀጥቃጭም ቢሆን፣ ሸማኔም ቢሆን፣ ጎርፍ ጠላፊም ቢሆን፣ ሙያውን የሚረከበው ያጣ ሽማግሌ አይጠፋም። ቀርባችሁ ጠይቁት፤ አይታችሁም ብቻ አትመለሱ፤ መሣሪያውን ተቀብላችሁ በእጃችሁ ሞክሩት።