«የልጅ ጨዋታ» ስለሚባለው በደል

በትምህርት ቤት አንድ ልጅ ሲንጓጠጥ፣ ሲገፈተርና መጥፎ ስም ሲወጣለት ስናይ አብዛኞቻችን «የልጅ ጨዋታ ነው፤ ሲያድጉ ይተዉታል» ብለን እናልፋለን። ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ተራው ለሁሉም በደረሰ ነበር። እዚህ ግን የሚሳቅበት ሁልጊዜ ያው አንድ ልጅ ነው።

ከደሴ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና ሲታወቅ የኖረ ነው። በሽታው በመድኃኒት እንደሚድን፣ ሕክምናውን የጀመረ ሰውም ወደ ሌላው እንደማያስተላልፈው ከታወቀ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በሽታው ሲድን ስድቡ አልዳነም። እኛ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ አባቱ በዚህ ደዌ ጣቶቹን ያጣ አንድ ልጅ አብሮን ይማር ነበር። ከመካከላችን ሦስቱ ባዩት ቁጥር ጣታቸውን አጥፈው እጃቸውን ያሳዩት ነበር። እኛ ጣታችንን አላጠፍንም፤ ስቀናል እንጂ። ዛሬ ስናስበው ሦስቱ ያን ያደርጉ የነበረው ለእርሱ ሳይሆን ለእኛ ነው፤ ሳቃችን ባይኖር ኖሮ ነገሩ በሁለተኛው ቀን ባበቃ ነበር።

መምህራችን ይህን በደረሱበት ጊዜ ሦስቱን በክፍሉ ፊት ገረፏቸው። በማግሥቱ ሦስቱ ልጁን መንገድ ላይ ጠበቁት። ከዚያ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ አለንጋው ግን ዛሬም ከየቦታው ጨርሶ አልጠፋም። የተገረፈ ጉልበተኛ የሚማረው የበለጠ ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ ነው፤ ይህን ደግሞ አስቀድሞም ያውቀዋል።

በዚህ ረገድ ቦሩ ሜዳ ራሱ የሚነግረን ታሪክ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ በጠሩት ጉባኤ የሃይማኖት ክርክር ተደርጎ የተረታው ወገን ትምህርቱን እንዲተው ተወሰነ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት የአገር አንድነት ነበር። ሆኖም ከተጠመቁት ብዙዎቹ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ፤ ሌሎችም ተሰደዱ። የክፍል ጠብን ከዚህ ጋር ማነጻጸር የተጋነነ ይመስል ይሆናል። ግን ሁለት ተማሪዎችን አቁመን «በሉ ተቃቀፉ!» ስንልና ሲተቃቀፉ አይተን ደስ ሲለን፣ ያደረግነው ከዚያ ብዙ የራቀ ነውን?

ታዲያ ቸርነት በትእዛዝ ካልመጣ በምን ይመጣል? በመለማመድ ይመስለናል። ልጅ ፊደልን እየደጋገመ እንደሚማር ሁሉ፣ ቁጣውን በቃል መግለጽን፣ ሌላውን ሳያቋርጥ መስማትን፣ ይቅርታ መጠየቅንም እየደጋገመ ይማራል። ወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ተቀምጦ ጠብ የሚያበርድበት ሽምግልና አለው፤ ልጆቻችን ግን ከዳር ሆነው ያዩታል እንጂ ተራ አይሰጣቸውም። በክፍል ውስጥ በተራ ሽማግሌ ሆነው ቢቀመጡ፣ በዳይም ተበዳይም ቢናገር፣ መምህሩ ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ምን ይጎድላል? ተበዳዩ ግን በጓደኞቹ ፊት መናገር እንዳይገደድ አስቀድሞ ለብቻው ይጠየቅ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ከሁሉ በፊት የሚስቁትን ተመልከቱ። ጉልበተኛውን መለወጥ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ከሳቂዎቹ መካከል ሁለቱን ከተገፋው ልጅ አጠገብ እንዲቀመጡ ማግባባት ግን በአንድ ሳምንት ይቻላል። ሁለት ያልነው በምክንያት ነው፤ አንዱ ብቻውን ቢሄድ ሳቁ ወደ እርሱ ይዞራልና። እንዲህ ያለውን ድፍረት ከአንድ ልጅ ብቻ መጠበቅ እኛ ትልልቆቹ የማንሸከመውን በእርሱ ላይ መጫን ነው።

ያ የክፍል ጓደኛችን የቀረ ጊዜ ወንበሩን ሌላ ተማሪ ወሰደው። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያናችን ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ በየእሑዱ በደጃፉ እናልፍ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጎራ ብለን አልጠየቅነውም።