አባል መሆንና አባልን መቀበል

«አባል» የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛ ሲነገር ቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መዝገብ፣ መታወቂያና ወርኃዊ መዋጮ ነው። የእድር አባል፣ የማኅበር አባል፣ የፓርቲ አባል እንላለን። በግእዝ ግን አባል የገላ ክፍል ነው፤ እጅ ነው፣ እግር ነው፣ ጣት ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ቤተ ክርስቲያንን በአካል ሲመስላት የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ብልት» የሚለውን ቃል የመረጠው ለዚህ ይመስለኛል። በስዋሂሊም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የማኅበር ወይም የፓርቲ አባል «ምዋናቻማ» ይባላል፤ ሲተነተን «የማኅበር ልጅ» ማለት ነው። የስዋሂሊው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው የጳውሎስ ምዕራፍ የሚጠቀምበት ቃል ግን «ቪዩንጎ» ነው፤ የሰውነት ብልቶችና መገጣጠሚያዎች።

በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ያለው ርቀት ለተርጓሚ ብቻ የሚተው አይደለም። ከመዝገብ አንድ ስም ቢሰረዝ መዝገቡ አይታመምም። ከገላ አንድ ጣት ቢቆረጥ ግን ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛው ሰውየው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነ ስንል ከሁለቱ የትኛውን ማለታችን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የሚቀርበው ለገቢው ብቻ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ይጠመቃሉ፣ ሜሮን ይቀባሉ፣ ይቆርባሉ። ሕፃኑ አንዳች ሳይናገር የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ እርሱ ይመልሳሉ። በብዙዎቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ለመጠመቅ የሚፈልገው ሰው አስቀድሞ ይማራል፣ ይጠየቃል፣ በራሱ አንደበት ይመሰክራል፣ ከዚያም ወደ ውኃው ይወርዳል። የሕፃን ጥምቀት ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለው ላይ ስንት ቀለም እንደ ፈሰሰ የታወቀ ነው። ክርክሩን አላቃልለውም። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ዐይናቸውን የሚተክሉት ወደ ውስጥ በሚገባው ላይ ነው፤ አስቀድሞ በውስጥ የተቀመጠው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ አጥብቆ ያነሣው 25 ቁጥር ብቻ ያለው የጳውሎስ መልእክት ወደ ፊልሞና ነው። አናሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነው፤ ከጌታው ተለይቶ ሳለ በጳውሎስ እጅ አመነ። ጳውሎስ ደብዳቤ አስይዞ ወደ ጌታው ይመልሰዋል። በደብዳቤው ግን ስለ አናሲሞስ እምነት ብዙ አይመረምርም፤ የሚጠይቀው ፊልሞናን ነው። እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ተቀበለው ይለዋል፤ ዕዳም ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው በፊልሞና ቤት ለምትሰበሰበው ጉባኤም ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጉዳዩ በጌታና በባሪያ መካከል ተሸፍኖ እንዲቀር ጳውሎስ አልፈለገም። የአዲሱ አባል መግባት የነባሩን አባል ቤት፣ ንብረትና ክብር ነካ ማለት ነው። ፊልሞና ምን እንዳደረገ መልእክቱ አይነግረንም።

ከ1800 ዓመታት በኋላ ይህ ስም በቀይ ባሕር ዳር እንደገና ተጠራ። በኢሉባቦር የተወለዱት፣ በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ የተሸጡት ሂካ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ፤ በስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ዘንድ ተምረው በ1872 በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቁ አናሲሞስ ተባሉ። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1899 ለኅትመት ያበቁ ሰው ናቸው። ሂካ ማለት በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት መሆኑን ሳስብ፣ በሙያዬ ምክንያት ይሆናል፣ ዘወትር ይደንቀኛል። በዚያ ሥራ ከረዷቸው አንዷ አስቴር ጋኖም ከባርነት ነፃ የወጡ ነበሩ። ባርነት ልጅን ከዘመዱ የሚቆርጥ ነገር ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች አባልነት ማለት ከተቆረጡበት በኋላ እንደገና መገጠም ነበር። የገጠማቸው ጉባኤም እንደ ነበረ አልቀረም፤ ምጽዋትና ማደሪያ የሰጣቸው ልጆች ቃሉን በራሳቸው ቋንቋ የሚሰጡት ሆኑ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልሆነም። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ክርስትና ከተነሡም በኋላ ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ነውር ሆኖ ለብዙ ዘመን ቆይቷል። በሌሎች አገሮቻችንም ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ቡዳ እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ የተጠመቁ ናቸው። ከአንድ መሠዊያ የቆረቡ ሰዎች ከአንድ መሶብ መብላት እንዴት ያቅታቸዋል? ልማድ ነው የሚለው መልስ አያጠግበኝም። ጥምቀቱ ለማንጆው ብቻ እንደ ተፈጸመ፣ ነባሩን ክርስቲያን ግን ምንም እንዳላስገደደው ተቆጥሯል። በቀብር ቦታ ላይ የሚነሣውም ጠብ ከዚሁ አይርቅም። የወንጌላውያን አማኞች በየስፍራው ከእድር ሲባረሩ፣ አስከሬን ይዘው መቃብር ሲያጡ ታይተዋል፤ ከዚህ ወዲያ መቆረጥ የት አለ?

ከሁሉ የከፋው በሩዋንዳ ሆነ። ሕዝቡ በብዛት የተጠመቀ ነበር፤ መዝገቦቹም የተሟሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 በንያማታና በንታራማ አብያተ ክርስቲያናት የተጠለሉ በሺሕ የሚቆጠሩ ቱትሲዎች እዚያው ተገደሉ። በንያንጌ ቤተ ክርስቲያኑ በቡልዶዘር በተጠለሉት ላይ ፈረሰ፤ የደብሩ ካህን አታናስ ሴሮምባ በዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት ተከሶ በ2008 በይግባኝ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ገዳዮቹ የእውነት ክርስቲያኖች አልነበሩም ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀላል፤ እኔ ግን ይህን መልስ እፈራዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከጥያቄው አስመልጦ ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ያስቀምጠዋልና። በዚያ የነበረው አባልነት የተመዘገበ እንጂ የተገጠመ አልነበረም፤ መዝጋቢዋም ራሷ ነበረች።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ አንድ አባል ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ጁባ ሲሄድ የመሸኛ ደብዳቤ ይያዛል። ደብዳቤው የተለመደ መልክ አለው፤ የተሸኚውን ስም፣ የተጠመቀበትን ጊዜ፣ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ይገልጻል፤ በመጨረሻም «በጌታ ፍቅር ተቀበሉልን» ይላል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ሰላምታ ታልፎ ይነበባል። ከጳውሎስ ደብዳቤ ጋር የሚዛመደው ግን እርሱ ነው፤ ደግሞም ስለ አምጪው ሳይሆን ስለ ተቀባዩ የተጻፈው እርሱ ብቻ ነው።