ስለ ምጥ ሕመምና ስለ ትዕግሥት ባለቤት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። እዝነትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዕወቅ። የሰው ልጅ ወደዚህ ዓለም የሚገባው በእናቱ ሕመም ነው። ባለጸጋም ይሁን ድኻ፥ ባለ ሱቅም ይሁን ተሸካሚ፥ ያለዚህ ዋጋ የተወለደ የለም። በዘመናችን ግን ሐኪሞች ይህን ሕመም የሚያቃልሉበትን ዘዴ አግኝተዋል። ስለዚህም በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ነፍሰ ጡር ሴት በምጧ ጊዜ ማደንዘዣ ልትቀበል ይገባታልን? ወይስ እንደ እናቶቿ ያለ መድኃኒት ችላ ብትወልድ ይሻላታል? አንዱ፥ ሕመሙ ከአላህ የታዘዘ ነውና ከእርሱ መሸሽ የእምነት ድካም ነው ይላል። ሌላው፥ መድኃኒት ሳለ መታመም ሞኝነት ነው ይላል። ከሁለቱ ማንኛቸውን እንደምንከተል ከመናገራችን በፊት ግን ልንጠይቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በዚህ ሕመም ላይ ሊፈርድ የሚገባው ማን ነው? የሚለው ነው።

አንደኛ፤ ሕመሙ ቅጣት ነውን?

በ1847 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ አገር በኤደንብራ ከተማ ጄምስ ሲምሰን የተባለ ሐኪም ለምትወልድ ሴት ክሎሮፎርም የተባለውን ማደንዘዣ ሰጠ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሰዎች፥ የምጥ ሕመም በሔዋን ላይ የተፈረደ ፍርድ ነውና ሰው ሊያነሣው አይገባም ብለው ተቃወሙ። እርሱም በዚያው ዓመት ለተቃውሞው መልስ የሚሆን ጽሑፍ አሳተመ። በ1853 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጇን ስትወልድ ይህንኑ መድኃኒት ከተቀበለች በኋላ ክርክሩ እየበረደ ሄደ።

እኛ ግን ከቁርኣን የምንማረው ሌላ ነው። አደምና ባለቤቱ ሁለቱም ተሳሳቱ፤ ሁለቱም ተጸጸቱ፤ ምሕረትም አገኙ። በሴት ልጅ ማሕፀን ላይ የቀረ ዕዳ የለም። የመርየምን ታሪክ ደግሞ አስተውል። ምጥ ወደ ዘንባባው ግንድ ባስጠጋት ጊዜ፥ ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ ብላ እስክትመኝ ድረስ ተጨነቀች። ከሴቶች ሁሉ የተመረጠችው እርሷ ይህን ስትናገር፥ ለምን አልታገሥሽም የሚል ወቀሳ አልመጣባትም። የመጣላት አትዘኚ የሚል ማጽናኛ፥ ከበታቿ የሚፈስ ውሃ፥ ከራሷ በላይም የበሰለ ቴምር ነው። ብዪ፥ ጠጪ፥ ተደሰቺ ተባለች። እንግዲህ የምትጮኽ ሴት ስትሰማ፥ ጌታዋ ለመርየም ያደረገውን አስብ እንጂ በጩኸቷ አትፍረድባት። የቋንቋችንን ጥበብም ተመልከት፤ የወለደችውን ሴት ተገላገለች እንላለን። ይህ ቃል ከዕዳ ለተፈታ ሰውም የሚነገር ነውና፥ ወሊድ በአፋችን እንኳ ስሙ ዕረፍት ነው።

ሁለተኛ፤ መድኃኒት መፈለግ በአላህ መመካትን ያፈርሳልን?

አያፈርስም። ነቢዩ፥ አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ ያወረደው በሽታ እንደሌለ አስተምረዋል። እናታችን ዓኢሻም፥ ነቢዩ በሁለት ነገሮች መካከል ምርጫ ሲሰጣቸው ኃጢአት እስካልሆነ ድረስ ቀላሉን ይመርጡ እንደ ነበር ነግራናለች። መርየም ራሷ እንኳ ቴምሩ እንዲወርድላት ግንዱን እንድትነቀንቅ ታዝዛለች፤ በዚያ ድካሟ ሳለች እጇን እንድታነሣ መታዘዟ፥ ምክንያትን መፈለግ ከእምነት የሚቆጠር መሆኑን ያሳያል። አንተም ነጋዴ ሆይ፥ ጭነትህን በገመድ ሳታስር፥ ተመክቻለሁ ብለህ በቅሎህን ወደ ገደል አትነዳም።

አንድ ሽማግሌ ወደ ከዕባ በእግሩ ሊሄድ ተስሎ፥ በሁለት ልጆቹ መካከል ተደግፎ ሲንገዳገድ ነቢዩ አዩት። አላህ ይህ ሰው ራሱን በማሠቃየቱ ጉዳይ እንደሌለው ተናግረው፥ በእንስሳ ላይ እንዲቀመጥ አዘዙት። ከዚህ የምንረዳው፥ ሕመም ለብቻው አምልኮ አለመሆኑን ነው። መልካም ሥራ ሲሠራ ሕመም ቢገጥም ዋጋ አለው፤ ሊቀር የሚችለውን ሕመም እንዲቆይ ማድረግ ግን ዋጋ አይጨምርም።

ምናልባት አንተ፥ በወሊድ የምትሞት ሴት ሸሂድ ናት ተብሎ የለምን? ትል ይሆናል። አዎን፥ ተብሏል። ነገር ግን በዚያው ትምህርት ውኃ ያሰጠመው ሰው፥ ቤት የፈረሰበትም ሰው ሸሂድ ተብለዋል። አንድ ሰው በአንገረብ ወንዝ ሲሰጥም ብታይ፥ ሸሂድ ይሁን ብለህ በዳር ቆመህ ትመለከተዋለህን? ይህ የተነገረው ለሟቿ እዝነት፥ ለቤተሰቧም መጽናኛ እንዲሆን ነው፤ ለሕያዋን ስንፍና ማመካኛ እንዲሆን አይደለም።

ሦስተኛ፤ ትዕግሥቱ የማን ነው?

የነገሩ ሥር ይህ ነውና ልብህን ወደዚህ መልስ። የመዲና የሕግ ዐዋቂ የነበሩት ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር እግራቸው በክፉ ቁስል ተበልቶ ሊቆረጥ በተወሰነ ጊዜ፥ ሐኪሞቹ አእምሮን የሚያደነዝዝ መጠጥ አቀረቡላቸው፤ እርሳቸው ግን አልፈልግም ብለው ጌታቸውን እያወሱ እግራቸው በመጋዝ ተቆረጠ ብለው ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ይህን ታሪክ የሚያነቡ ብዙዎች በትዕግሥታቸው ይደነቃሉ፤ ሁለት ነገር ግን ይረሳሉ። አንደኛው፥ መጠጡን ያቀረቡት ሰዎች አልተወገዙም። ሁለተኛው፥ የተቆረጠው እግር የራሳቸው እግር ነበር። ዑርዋ የሌላ ሰው እግር ሲቆረጥ፥ መድኃኒት አትስጡት፥ ይታገሥ ብለው አልፈረዱም።

ነጋዴ ሆይ፥ ይህን በሚዛንህ መዝነው። ጎረቤትህ በአደራ ያስቀመጠብህን ገንዘብ አውጥተህ ለድኻ ብትሰጥ ሶደቃ ይባላልን? አይባልም፤ አደራ መብላት ይባላል። ሶደቃ ከራስ ኪስ ብቻ እንደሚወጣ፥ ትዕግሥትም ከራስ ሥጋ ብቻ ይወጣል። በሚስትህ ሕመም አንተ ታጋሽ ልትባል አትችልም።

በጎንደር አጠገብ ያለችውን ወለቃን ተመልከት። ከከተማው በስተ ሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ በሸክላ ሥራ የታወቀች መንደር ናት። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ዘመን ወደ እስራኤል ሄደዋል። በቀድሞ ልማዳቸው የምትወልድ ሴት ከመኖሪያ ቤት ተለይታ በልዩ ጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ ወንድ ብትወልድ እስከ 40፥ ሴት ብትወልድ እስከ 80 ቀን ድረስ ተለይታ ትቆያለች። የሚረዷት ሴቶች ነበሩ፤ ባል ግን ከጎጆው ውጪ ነው። የእኛ ሕግ ሌላ ነው፤ ሆኖም በጎንደር በአዲስ ዓለም ሰፈር ባለ ቤታችንም ቢሆን፥ ምጥ በመጣ ጊዜ ሴቶች ይገባሉ፥ ወንዱ ወደ ደጅ ይወጣል። ይህ መለያየት አሳፋሪ አይደለም። አሳፋሪ የሚሆነው፥ በደጅ የቆመው ሰው በውስጥ ያለችውን ሕመም እኔ ልለካው ያለ እንደ ሆነ ነው። የማይሰማውን ሕመም የሚለካ ሰው፥ እህሉን ሳያይ ዋጋ እንደሚቆርጥ ነጋዴ ነው።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። መድኃኒት የምትፈልግ ሴት በእምነቷ አልጎደለችም። ያለ መድኃኒት ልውለድ የምትል ሴትም፥ ለእርሷና ለልጇ አደጋ እስካልተፈራ ድረስ፥ ፈቃዷ ይከበርላት፤ እርሷም ብትሆን ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። ይህችኛዋ በዚያችኛዋ ላይ አትኩራ። አማች፥ እኔ ሰባት ስወልድ መርፌ አላየሁም ብላ ምራቷን አታሳፍር፤ የእርሷ ትዕግሥት በጌታዋ ዘንድ ተጽፏል፥ በምራቷ ላይ እንደ ዕዳ አይቆጠርም።

አራተኛ፤ ያለ ዕውቀት መምረጥ የለም

ዕቃውን ሳያዩ መግዛት እንደማይገባ፥ ሳያውቁ መምረጥም አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ጤነኛ የሆነች ወላድ ሕመሟ እንዲቃለልላት ስትጠይቅ በመድኃኒትም፥ ያለ መድኃኒትም መንገድ እንዳለ አስታውቋል። ያለ መድኃኒት የሚደረገው፥ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ መሳብና መልቀቅ፥ ጀርባን ማሸት፥ መንቀሳቀስ፥ የምትወዳት ሴት እንድትቀመጥላት ማድረግ ነው። ይህ ከሁሉ የቀለለና በየትም የሚገኝ ነው፤ ፍርሃት ሥጋን ያኮማትራልና፥ የታመነ ሰው አጠገብ መኖሩ ብዙ ይረዳል።

በመድኃኒት ከሚደረገው አንዱ እንደ ፔቲዲን ያለ መርፌ ነው፤ ሕመሙን ያቃልላል፥ ነገር ግን እናቲቱን ያንቀላፋል፥ ለወሊዱ በቀረበ ሰዓት ከተሰጠም የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ሌላው በጀርባ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚሰጠው ኤፒዱራል የተባለው ማደንዘዣ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ሕመሙን ያጠፋል፥ አእምሮንም አይወስድም። ነገር ግን የደም ግፊትን ሊያወርድ፥ የመግፋቱን ጊዜ ሊያረዝም ይችላልና፥ የተማረ የማደንዘዣ ባለሙያና የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ በአገራችን በየቦታው አይገኝም። አእምሮን የሚያደነዝዘውን ከአስካሪ መጠጥ ጋር የሚያመሳስል ሰው ቢኖር፥ የሕግ ዐዋቂዎች ለሕክምና አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ማደንዘዣን እንደ ፈቀዱ ይወቅ። ምንነቱ የማይታወቅ ሥርና ቅጠል ግን በምጥ ላይ ላለች ሴት አይሰጥ።

አምስተኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው

ነገር ግን፥ ወንድሜ ሆይ፥ በደጋው አገራችን ለብዙዎች ጥያቄው ገና ስለ ማደንዘዣ አይደለም፤ የተማረ እጅ በአጠገቧ ይኑር ወይስ አይኑር ነው። በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ በ2000 እ.ኤ.አ. ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 48 ደርሰዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. ለ100,000 በሕይወት ለተወለዱ ልጆች 871 እናቶች ሞተዋል ተብሎ ሲገመት፥ በ2016 እ.ኤ.አ. ግምቱ 412 ነበር። ይህ መቀነሱ ያስመሰግናል፤ የቀረው ግን ብዙ ነው።

እናቶችን የሚገድል መዘግየት ሦስት ነው፤ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፥ በመንገድ መዘግየት፥ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ሁለተኛውና ሦስተኛው የመንገድና የሆስፒታል ጉዳይ ነው፤ አንደኛው ግን በቤትህ ውስጥ ነው። ለቀናት ያልተፈታ ምጥ ትዕግሥት ተብሎ ሲመሰገን፥ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ተጭኖ ይገድለዋል፤ ከዚያም ፊስቱላ የተባለው ቀዳዳ ይፈጠርና ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ልጇም ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን፥ እንዲህ የተጎዱትን ሴቶች ለማከም በ1974 እ.ኤ.አ. ልዩ ሆስፒታል አቋቋሙ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ በባሕር ዳር ማዕከል ተከፈተ። ከእነዚያ ሴቶች ስንቶቹ፥ ቻዪው እየተባሉ ሰዓቱ አለፈባቸው!

በጎንደር የጤና ኮሌጅ ከተከፈተበት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ይህች ከተማ የጤና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን ኖራለች። ሕክምናው በአጠገብህ ሳለ ሚስትህ በቤት ውስጥ ብትጠፋ፥ በምን ታመካኛለህ?

ስለዚህ ይህን አድርግ። አላህ ሕፃን ጡት ስለሚጥልበት ጊዜ እንኳ ባልና ሚስት በመመካከርና በመዋደድ እንዲወስኑ ከነገረን፥ ስለ ወሊዱማ ምክክሩ እንዴት አይበልጥ! ወሩ ሳይገባ ተቀመጥ፥ ጠይቃት፥ አድምጣትም። የት ልትወልድ እንደምትሻ፥ ማን አብሯት እንዲሆን እንደምትፈልግ፥ ሕመሙ ቢጸናባት ምን እንዲደረግላት እንደምትወድ ከአፏ ስማ። ለንግድ ወደ መተማ ወይም ወደ ሌላ ገበያ የምትሄድ ከሆንህ፥ ለመጓጓዣና ለሕክምና የሚሆነውን ገንዘብ በእጇ አስቀምጥላት። ፈቃድህንም በሰው ፊት ተናግረህ ሂድ፤ ባል ካልመጣ አትወሰድም ተብላ በምጥ ላይ እንዳትቆይ። ደም ቢፈስሳት፥ ቢያንቀጠቅጣት፥ ራሷን አጥብቆ ቢያማት ወይም ዐይኗ ቢፈዝባት፥ ለምክር ጊዜ የለም፤ ወዲያው ትወሰድ።

አንቺም እኅቴ ሆይ፥ ሕመምሽን ለመናገር አትፈሪ። ብትጮኺ መርየምም ጮኻለች፤ መድኃኒት ብትጠይቂ የተፈቀደልሽን ጠይቀሻል፤ ያለ እርሱ ብትችዪ ዋጋሽ በማንም ዘንድ ሳይሆን በጌታሽ ዘንድ ነው።

አላህ ሆይ፥ ነፍሰ ጡር እኅቶቻችንን በሰላም ገላግልልን፤ ልጆቻቸውን ጤነኞች አድርግልን፤ ለባሎቻቸውም በሌላው ሥጋ ላይ እንዳይፈርዱ የሚያዝን ልብ ስጣቸው። አሚን።