ብርድ ልብሱና የሰጪው እጅ



በጉርድ ሾላ የክረምቱ ዝናብ ሲመሽ እየጠና በሚሄድበት ሰዓት፣ በተዘጉ ሱቆች በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው፣ ፕላስቲክ ደርበው የሚያድሩ ወገኖቻችንን እያየን እናልፋለን። በልባችንም «ምነው አንድ ደግ ሰው በተነሣላቸው» እንላለን። እንዲህ ያለ ሰው የተነሣበት ታሪክ አለ፤ ነገር ግን ታሪኩ ከባድ ጥያቄ አስከትሏል።

እ.ኤ.አ. በ1954 መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር ብርዱ እጅግ ከፍቶ ነበር። ቀድሞ የካፑቺን መነኩሴ የነበሩት አባ ፒየር የተባሉ ካህን ፌብሩዋሪ 1 ቀን በሬዲዮ ቀርበው፣ ከቤት እንድትወጣ የታዘዘችበትን ወረቀት እንደ ያዘች በፓሪስ ጎዳና ላይ በብርድ ስለ ሞተች ሴት ተናገሩ። 5,000 ብርድ ልብስ፣ 300 ትላልቅ ድንኳንና 200 ምድጃም ለመኑ። ሕዝቡ ከተለመነው አብልጦ ሰጠ፤ የአገሪቱ ምክር ቤትም ለአስቸኳይ መኖሪያ ቤቶች ገንዘብ መደበ። በ1956 ደግሞ በብርድ ወራት ተከራይን ከቤት ማስወጣትን የሚያግድ ሕግ ወጣ።

አባ ፒየር በ2007 ሲያርፉ አገሩ በታላቅ ክብር ሸኛቸው። በ2024 ግን የመሠረቱት የኤማውስ ማኅበር ራሱ ያስጠናው ምርመራ፣ ካህኑ ወሲባዊ ጥቃት እንዳደረሱባቸው ሴቶች መመስከራቸውን ይፋ አደረገ። በተከታዮቹ ወራትም ሌሎች ምስክሮች ተጨመሩ።

እንግዲህ ምን እንበል? አንዳንዱ «ለድሆች ስንል ዝም እንበል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሥራው ሁሉ ከንቱ ነበር» ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም ስተዋል። የፊተኛው ለአንዱ የተበደለ ሲል ሌላውን የተበደለ ይሠዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታችን ራሱን ከታናናሾቹ ጋር አንድ ሲያደርግ፣ በብርድ የተቆራመደውን ተቀብሎ በካህን እጅ የቆሰለችውን አልተወም። የአደባባይ ቸርነት የጓዳን በደል አያጥብም፤ ምጽዋትም የዝምታ ዋጋ ሊሆን አይችልም። የኋለኛው ደግሞ በዚያ ሌሊት ብርድ ልብስ የደረሰው ሰው በእውነት እንደ ሞቀው ይዘነጋል። ያንን ልብስ የሰጡት እልፍ ሰዎች ናቸው፤ ሥራው የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ምሕረትን በአንድ ሰው ዝና ላይ እንዳናቆም ነው። የማይጠየቅ ሰው፣ ካህንም ቢሆን፣ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። በ1956 የወጣው ሕግ የጸናው ማንም ቅዱስ ስለ ነበረ አይደለም፤ የድኻው መብት ስለ ሆነ ነው።

ስለዚህ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በየቁምስናችን ልብስና እህል ስናሰባስብ ሒሳቡ በግልጽ ይነገር፤ ወደ ችግረኛው ብቻችንን ሳይሆን ሁለት ሆነን እንሂድ፤ በደል ደረሰብኝ የሚል ሲመጣም ሳናሳፍር እናድምጠው። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ጀግና እስኪነሣለት ሊጠብቅ አይችልም፤ ዝናቡ ዛሬ ማታ ነው የሚዘንበው።