ዳንቴልና መስኮት

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ ዳንቴል ያልለበሰ ቴሌቪዥን ማየት ብርቅ ሆኖ ኖሯል። ራዲዮኑም ቴፑም እንደዚያው። የቤቱ እመቤት ወይም የቤቱ ልጅ በኪሮሽና በክር ያበጀችው ነጭ ልብስ በዕቃው አናት ላይ ይጣላል፣ ከፊቱ እንደ ዘርፍ ይንጠለጠላል። ኮምፒዩተር በተራው ሲመጣም ይኸው ወግ አልቀረበትም። ከሳጥኑ ላይ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ማሽኑ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቀዳዳ ተደፍኖ እንደሚታፈን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ዳንቴሉ ክብር ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ክብሩ የእንግዳ ክብር ነው። እንግዳን ከወንበሩ ላይ እናስቀምጣለን እንጂ ሆድ ዕቃውን እንፈትሽ አንልም። እንዲህ የተከበረ ዕቃ በቤታችን ሃያ ዓመት ቢቀመጥ እንኳ እንግድነቱ አይለቀውም። ልጅ ሊነካው ሲጠጋ የሚሰማው ቃልም "ተው፣ ታበላሸዋለህ!" የሚል ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ጠባይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአሜሪካና በአውሮፓ ወጣቶች የኮምፒዩተራቸውን ሳጥን በመጋዝ መቁረጥ ያዙ። የጎኑን ቆርቆሮ በመስኮት ቅርጽ ቆርጠው ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ ይተኩታል፤ ጠርዙን ይሞርዳሉ፣ ቀለም ይቀቡታል፣ በልካቸው ያበጁትን ልባጥ ይገጥሙለታል። ከዚያም ብሶባቸው ማራገቢያውን ከፕሮሰሰሩ ላይ ነቅለው በምትኩ ውኃ ያስገባሉ። አዎን፣ ኤሌክትሪክ ባለበት ሳጥን ውስጥ ውኃ።

ነገሩ እብደት ይመስላል እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። ውስጡ ቦይ ቦይ የሆነ የመዳብ ቁራጭ በፕሮሰሰሩ ላይ ይታሰራል። ትንሽ ፓምፕ ውኃውን በቱቦ እየገፋ በመዳቡ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ የሞቀው ውኃ ወደ ራዲያተር ሄዶ ሙቀቱን ለነፋስ አስረክቦ ይመለሳል። የዓባይን በረሃ በጭነት መኪና የወጣና ጄሪካን ይዞ ከራዲያተር ጋር የሚሟገት ረዳት ያየ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም። የልጆች ፈጠራም አይደለም። የአይቢኤም ኩባንያ ትልልቅ ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በውኃ ይቀዘቅዙ ነበር። ሲይሞር ክሬይ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ክሬይ 2 በተባለው ኮምፒዩተር ደግሞ የማሽኑ አካል ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ነበር።

የዛሬው ብርቱ ፕሮሰሰር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከ200 ዋት በላይ ይበላል። ይህም ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖሎች ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማትበልጥ ቦታ ላይ ተጨምቀው እንደ መብራት ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አየር ወደ ሩብ የሚጠጋ ይሳሳል። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከር የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል፤ የጉና ብርድ ግን ይክሰዋል። ውኃ በአንጻሩ በይዘት እኩል ከሆነ አየር ከ3000 እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል። ይህን ለደቡብ ጎንደር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚፈልቀው የወንዛዬ ፍል ውኃ ምድር የሆዷን ትኩሳት በውኃ ጭና የምታወጣበት ስፍራ ነውና።

እንግዲህ እኔን የያዘኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ያልሠራውን ነገር የራሱ ማድረግ ይችላልን? ሕግ "ገዝተሃልና ያንተ ነው" ይላል። ደረሰኙን የያዘ ባለቤት ነው። ነገር ግን አንዳንድ ፋብሪካ በሸጠው ዕቃ ላይ "ይህን የከፈተ ዋስትናውን ያጣል" የሚል ወረቀት ለጥፎ ይልካል። የሸጠልኝ ሰው እንዳልከፍተው የሚያስጠነቅቀኝ ዕቃ በእርግጥ የእኔ ነውን? ወይስ ከእኔ ዘንድ በአደራ ተቀምጧል? ሳጥኑን በመጋዝ የሚቆርጠው ወጣት ለዚህ ጥያቄ በቃል አልመለሰም። ወረቀቱን ቀደደና መጋዙን አነሣ፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ቢቃጠል የሚከሰው የለውም።

ነገሩ የጥጋብ ጨዋታ ነው የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ፍርዱም ከንቱ አይደለም። አንድ ኮምፒዩተር ለሙሉ ክፍል ተማሪ በማይደርስበት አገር ለመብራትና ለቀለም ገንዘብ ማፍሰስ ያሳፍራል። ያም ሆኖ ጥጋቡን ከተግባሩ ለይተን እንይ። የእኛ አገር ጠጋኝ ያንኑ ሳጥን ለደስታ ብሎ አይከፍተውም፤ ቸግሮት ነው። አሮጌው ማሽን በክረምት በጭቃ እግር፣ በበጋ በአቧራ ተጨናንቆ ሲግል የጎኑን ክዳን አውልቆ የጠረጴዛ ማራገቢያ ያዞርበታል፤ ከሌላ ሬሳ የነቀለውን የመዳብ ቁራጭ ሞርዶ ይገጥምለታል። ቀድሞውንም ዋስትና የሌለው አሮጌ ዕቃ ነውና የሚቀደድ ወረቀት የለበትም። በዚህ በኩል ከአውሮፓዊው ወጣት ይልቅ ነፃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልዩነቱ ያኛው የሠራውን በመስኮት ሲያሳይ ይኸኛው ክዳኑን መልሶ ደፍኖ ማስረከቡ ነው። የሚያሳፍር ሥራ የሠራ ይመስል።

ለምን ይደብቃል? መልሱ ሩቅ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን "ጠይብ"፣ "ቡዳ" እያልን፣ ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን ልጃችንን ግን ለልጁ አንድርም ስንል የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ ባለ እጁን መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ያደረሰ ነውር ነው። ሥራውን እንወዳለን፣ እጁን እንጸየፋለን። ዳንቴሉም ከዚህ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኛል። ዕቃውን ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ወደ ውስጡ የሚገባውን እጅ ግን ያርቃል።

ይህን ጥያቄ በትልቁ የሞከረው ስፍራ ከደብረ ታቦር አጠገብ ነው፤ ጋፋት። አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. የእጅ ሙያ ያላቸውን አውሮፓውያን ሚስዮናውያን እዚያ አስፍረው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። ሰዎቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ነበሩና የመድፍ ሥራ አናውቅም ቢሉም የሚሰማቸው አልተገኘም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። በመጨረሻ ግን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ቀልጦ ወጣ። ንጉሡ ከውጭ ተገዝቶ የመጣ መሣሪያ ብቻ አላጠገባቸውም፤ መሥራቱን ፈለጉ። በዚህ ምኞታቸው ከዘመናቸው ቀድመዋል መባሉ ተገቢ ነው።

ይሁንና መድፉ የማን ነበር? ዕውቀቱ የባዕድ ነው። ያቀለጡት ሰዎች ደግሞ በትእዛዝ እንጂ በገዛ ፈቃዳቸው አልሠሩትምና የእነርሱ ማለትም ይከብዳል። እኔ መድፉ የኢትዮጵያ የሆነው ጋፋት እቶን ውስጥ ነው ብዬ አላምንም፤ በመንገድ ላይ ነው። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ለዚያ ብረት የሚሆን መንገድ አልነበረም። የጅዳንና የበሸሎን ገደል እየሰነጠቁ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ በጠፍር እየጎተቱ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ወሰደባቸው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ድንጋይ ሲፈነቅል ማየት ለባለ እጁ ስድብ ከአዋጅ የሚበልጥ መልስ ይመስለኛል። መንገዱን የጠረጉትና ብረቱን የጎተቱት ብዙዎች ግን ስማቸው እንኳ አልተጻፈም፤ የእነርሱም ፈቃድ አልተጠየቀም። ይህ በታሪኩ ላይ ያለ እዳ ነውና በቴዎድሮስ ፍቅር ብቻ አይሰረዝም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ያንን ቀን አላዳነም። እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ተጋድሟል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ፤ የጋፋት የመድፍ ሥራም በዚያው ቀረ። በግዴታ የወጣ ዕውቀት እንዲህ ነው። ትእዛዙ ሲቆም እጁም ይቆማል።

ከዚህ ይልቅ ልቤ የሚያደላው እዚያው አውራጃ ውስጥ ወዳለ ሌላ ሥርዓት ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም በጋይንት ናት። ድጓ ተማሪው በቀደመው ልማድ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ድርሰቱ የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ተማሪው ከራሱ አንዲት ምልክት አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። ዳሩ ግን ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ፊደሉንና የዜማ ምልክቱን አንድ በአንድ አስፍሮ ሲያበቃ መጽሐፉ የማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ከዚያ በኋላ የቆዳ ማኅደር ይሰፋለታል፤ በትከሻው ያነግተዋል። ማኅደሩም እንደ ዳንቴሉ ልብስ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ዘወትር አውጥቶ የሚያነበው መጽሐፍ ልብስ ነው። የራስ ለማድረግ የግድ መፍጠር አያስፈልግም ማለት ነው። ነገሩ በእጅ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ሲያልፍም ስሕተቱ የጸሐፊው መሆኑ ይታወቃል። የተበላሸ ብራና የሚከፈለው ከጸሐፊው ድካም ነው።

እንግዲህ ወደ ሳጥኑ እንመለስ። የወጣቶቹ ጨዋታ ገበያ እንዳለው ፋብሪካዎች ለማወቅ አልዘገዩም። ዛሬ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ መብራቱ በየቀለሙ የሚለዋወጥ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሹም ታሽጎ የሚመጣ ኮምፒዩተር እንደማንኛውም ዕቃ ከመደብር ይገዛል። ውበቱ ሳይጠፋ ጥያቄው ጠፍቷል። ገዢው መስታወቱን አልቆረጠም፣ ቱቦውን አላጠፈም፣ ቢያፈስስም የሚመልስበት ሻጭ አለው። ውስጡ ይታያል፤ ሆኖም ማንም አልገባበትም። እንዲህ ያለውን መስታወት አይቼ ዳንቴል ትዝ ቢለኝ አንባቢ አይፍረድብኝ።

በእጁ የሚሠራው ግን መስኮቱ ራሱ ያስገድደዋል። ክዳኑ ቆርቆሮ ሳለ ሽቦውን እንደ አንጀት ጠቅልሎ ማጎር ይቻል ነበር፤ ጎኑ ከተከፈተ በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ መስመሩን መያዝ አለበት። መዳብና አልሙኒየምም በአንድ ውኃ ውስጥ እንደማይስማሙ፣ አንዱ ሌላውን እየበላ ራዲያተሩን እንደሚበሳው ማወቅ ይኖርበታል። የቧንቧ ውኃ ማዕድን ስላለበት የተጣራ ውኃ ይፈልጋል፤ ይህንን የመኪና ባትሪ ከሚሞላው ሰው ያገኘዋል።

ሁሉ ተገጥሞ ካለቀ በኋላም ወዲያው አይበራም። ዋናው ሰሌዳ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ፓምፑ ብቻ ተለይቶ ይቀጠላል። በየመጋጠሚያው ሥር ነጭ ወረቀት ይነጠፋል፤ ጠብታ ከወደቀ ወረቀቱ ይናገራልና። ውኃው እንዲህ ሆኖ ሃያ አራት ሰዓት ይዞራል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ሃያ አራቱ ሰዓት ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ወጣቱ በዚህ መካከል የሚሠራው ነገር የለም። በየሰዓቱ ተነሥቶ በባትሪ እያበራ ከወረቀቱ ላይ እርጥብ ቦታ ይፈልጋል።