በወንድማችን ላይ ለሸይጧን ረዳት አንሁን

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አንድ ምሽት ለመግሪብ ሶላት ኢቃማ ተብሎ ሶፍ ስንይዝ፣ በሠፈራችን ጋራዥ የሚሠራ አንድ ወንድም ከመካከላችን ገብቶ ቆመ። ያን ሰዓት አልሰከረም። እግሩ አልተንገዳገደም፣ አንደበቱም አልተሳሰረም። ነገር ግን ካለፈው ምሽት የተረፈ የመጠጥ ሽታ ከላዩ ይመጣ ነበር። በስተቀኙ የነበሩት አዛውንት አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ወደ ኋለኛው ሶፍ ሄዱ። ሌላ ሰውም ተከተላቸው። ሶላቱ እንዳበቃ ከጀመዓው አንዱ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «የአላህን ቤት መጠጥ ቤት አደረጉት እኮ!» አለ። ያ ወንድም ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል በመስጊዱ አላየነውም።

ይህን የማነሣው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። አዛውንቱን ተከትሎ ቦታውን የቀየረው ሰው እኔ ነበርኩ።

በአስካሪ መጠጥ ሑክም ላይ በሙስሊሞች መካከል ክርክር የለም። በሱረቱል ማኢዳ 90ኛውና 91ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ኸምርን ከቁማርና ከጣዖት ጋር ደርቦ ከሸይጧን ሥራ ቆጥሮታል፤ እንድንርቀውም አዟል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ብዛቱ የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑን አስተምረዋል። ስለዚህ «በልክ መጠጣት» የሚባል ነገር ለእኛ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለጤና አስተማማኝ ነው የሚባል የአልኮል መጠን የለም ሲል አስታውቋል።

የዛሬው ጥያቄያችን ግን ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለ ጠጪው ነው። ኸምር ሐራም መሆኑን በልቡ የሚያምን፣ ነገር ግን ከያዘው ልማድ በአንድ ጀምበር መላቀቅ ያቃተው አንድ ሙስሊም አለ እንበል። በሳምንት ሰባቱንም ምሽት ይጠጣ የነበረው ወደ ሦስት አወረደ፣ ቀጥሎም ወደ አንድ። ይህ ሰው ፊታችን ቢቆም ምን እንለዋለን? «ያው ጠጪ ነህ» ወይስ «በርታ»? ከጎኑ ሆኖ የሚደግፈው ወንድምስ የወንጀሉ ተባባሪ ነው ወይስ የተውባው አጋዥ?

ጠንከር ያለ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። «ቀንስ ማለት ጥቂቱን መፍቀድ ነው፤ ሐራም ይተዋል እንጂ አይቀነስም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሌሎች ደግሞ ክልከላው በደረጃ እንደ ወረደ ያስታውሱናል። በመጀመሪያ በሱረቱል በቀራህ 219ኛው አንቀጽ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ። ቀጥሎ በሱረቱ ኒሳእ 43ኛው አንቀጽ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ። በመጨረሻ የማኢዳው ቁርጥ ያለ ትእዛዝ መጣ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) አስቀድሞ የወረደው የጀነትና የእሳት ወሬ መሆኑን፣ ከሁሉ በፊት «ኸምር አትጠጡ» ተብሎ ቢወርድ ኖሮ ሰዎች በጭራሽ አንተውም ይሉ እንደነበር መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

ተቃዋሚዎቹ ለዚህ የሚሰጡት መልስ ትክክል ነው። ዲኑ ተሟልቷል። ዛሬ ማንም ሙስሊም ራሱን ወደ መጀመሪያው ደረጃ መልሶ «እኔ ገና በቀራህ ላይ ነኝ» ማለት አይችልም። ሆኖም ከዚህ እውነት ተነሥተው ሌላ የማይከተል ድምዳሜ ላይ ይደርሳሉ፤ ቀናሹንና ግድ የለሹን አንድ ያደርጓቸዋል። አሥር ሺህ ብር ዕዳ ያለበት ሰው ሰባት ሺሁን ቢከፍል ከዕዳው ነጻ ወጣ አንልም። የቀረውም ሦስት ሺህ ተምሮለታል አንልም። ነገር ግን ምንም ካልከፈለው፣ ይባስ ብሎ ዕዳውን ከካደው ሰው ጋር አንድ ነው የሚል ነጋዴ በመርካቶ አይገኝም። ታዲያ በገንዘባችን የማንፈርደውን ፍርድ በወንድማችን ነፍስ ላይ ለምን እንፈርዳለን? ግቡ ማቆም ነው። መቀነስ መንገድ ነው እንጂ ማረፊያ አይደለም። ይህ እስካልተምታታ ድረስ በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው መደገፍ ሐራምን መፍቀድ አይሆንም።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዐብደላህ የሚባል፣ በቅጽል ስሙ ሒማር እየተባለ የሚጠራ ሰው ነበር። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስቃቸው ነበር። በመጠጥም ተይዞ ይቀጣ ነበር። ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ቀን እንደገና ተይዞ ቀርቦ ከተቀጣ በኋላ፣ ከተሰበሰቡት አንዱ ስንት ጊዜ ነው ለዚህ የሚመጣው ብሎ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳይረገም ከለከሉ፤ ያ ሰው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። በሌላ ዘገባም አንድን ጠጪ «አላህ ያዋርድህ» ያለውን ሰው፣ በወንድማችሁ ላይ ሸይጧንን አትርዱ ሲሉ መልሰውታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። ቅጣቱ አልቀረም፤ ሑክሙ በፍቅር ስም አልላላም። በአንጻሩ ተደጋግሞ መውደቁ ከጀመዓው አላስወጣውም። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠነዋል። ሑክሙን ስናስተምር እንለሳለሳለን፤ በሠርግና በየግብዣው ጠርሙስ ሲከፈት ዝም እንላለን። ሰውየውን ግን ከሶፍ እናስወጣለን።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በጥብቅነታቸው የታወቁ ናቸው። ኢብን ከሲር በተፍሲራቸው እንደጠቀሱት፣ ከሻም ይመጣ የነበረ አንድ ብርቱ ሰው በጠፋባቸው ጊዜ ጠየቁ፤ መጠጥ ላይ መውደቁም ተነገራቸው። ዑመር ጸሐፊያቸውን ጠርተው ደብዳቤ አስጻፉለት። በደብዳቤው ሰላምታ አቀረቡለት። ከዚያም ከሱረቱ ጋፊር አላህ ኀጢአትን መሓሪ፣ ተውባን ተቀባይ፣ ቅጣቱም ብርቱ መሆኑን የሚናገረውን አንቀጽ አሰፈሩለት። አብረዋቸው ለነበሩትም ለዚህ ወንድማችሁ ዱዓ አድርጉ አሏቸው። ሰውየው ደብዳቤውን ደጋግሞ አነበበ፣ አለቀሰም፤ መጠጡንም ተወ። ዑመርም ወንድማችሁ ሲንሸራተት እንዲህ አድርጉ፤ አቅኑት፣ ዱዓ አድርጉለት፣ በእርሱ ላይ ለሸይጧን ረዳት አትሁኑ ብለው መከሩ። ዑመር የሰውየውን መጥፋት አስተውለው መጠየቃቸውን እናስምርበት። እኛ ያ ባለ ጋራዥ ወንድም ሲጠፋ የጠየቅነው ስንት ነን?

ሦስተኛ ማስረጃ ልጨምር። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ የገደለው ሰው ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። መቶኛውን ከገደለ በኋላ ያገኘው ዓሊም የተውባ በር ክፍት እንደሆነ ነግሮት ብቻ አላሰናበተውም። የምትኖርበት አገር ክፉ ነውና አላህን ከሚገዙ ሰዎች ጋር አብረህ ልትገዛው ወደ እነርሱ አገር ሂድ አለው። የሰው ድጋፍ የተውባው አካል ሆነ ማለት ነው። ሰውየው በመንገድ ላይ ሞተ፤ አልደረሰም። ርቀቱ ሲለካ ወደሚሄድበት አገር ቀርቦ ተገኘና የእዝነት መላእክት ወሰዱት። ያልደረሰ መንገደኛ እንደ ደረሰ ተቆጠረ። የሚቀንስ ወንድማችንን «ያው ነህ» የምንለው እኛ ታዲያ በየትኛው መለኪያ ለክተን ነው?

አሁን ወደ ከተማችን ኑሮ እንመለስ። ሙስሊሙ ወጣት በአብዛኛው ወደ መጠጥ የሚገባው በየትኛው በር ነው? ከቤቱ አይደለም። በቤቱ ብርዝ እንጂ ጠጅ አይጣልም፤ ቃሪቦ እንጂ ጠላ አይጠመቅም። በሩ ብዙ ጊዜ ጫት ነው። ከሰዓት በኋላ ይቃማል። ሲመሽ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ልብ ይጨነቃል። ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ይባላል፤ አንድ ቢራ ወይም አንድ መለኪያ አረቄ። አንዱ ሁለት ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ጨብሲው ራሱን ችሎ ይቆማል። እንግዲህ ይህን ሰው ጫት ቤቱን ሳንነካ «መጠጥ ተው» ብንለው ቧንቧው ክፍት እያለ ወለል መወልወል ነው።

በተጨማሪ የረመዳንን ምሥጢር እናስተውል። በየሠፈሩ ዓመቱን ሙሉ ጠጥቶ ሸዕባን ሲያልቅ የሚያቆም፣ በዒድ ማግሥት የሚመለስ ሰው እናውቃለን። ብዙ ጊዜ ይህን ሰው እንቀልድበታለን። ነገር ግን ሠላሳ ቀን ያቆመ ሰው አቅም እንዳለው አሳይቷል። አቅሙን ከየት አመጣው? ከኢማኑ መሆኑ አያጠራጥርም። ከዚህ ጋር ሁሉም አብሮት ነበር። ይጠጣበት በነበረው ሰዓት ኢፍጣር ቀረበለት። ይሰክርበት በነበረው ሰዓት ተራዊሕ ቆመ። ሸዋል ሲገባ ሰውየው ብቻውን ይቀራል፤ ያ ሰዓትም ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በሸዋል የሚወድቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ እኛም አብረን ወድቀናል።

የዚያን ወንድም ነገር ልጨርስ። ከአንድ ዓመት በኋላ በመንገድ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። «ወላሂ አልተቀየምኩም፤ ግን ከዚያ ወዲያ የት እንደምሄድ ጠፋኝ» አለኝ። ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ተመካከርን። ያደረግነው ትልቅ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው ብቻውን በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ አልፎም ሊሞት ይችላል። በሕክምና ክትትል ግን ያለ ስጋት ማቆም ይቻላል። አማኑኤል ሆስፒታልን የመሰሉ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት መኖራቸው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ተራ ገባንለት። ጫት ቤቱ ካለበት መንገድ በሌላ መንገድ አብረነው ወደ ቤቱ መሄድ ጀመርን። ደመወዙን በተቀበለ ዕለት፣ ራሱ ፈልጎ፣ ገንዘቡን ቀጥታ ለባለቤቱ ያስረክባል።

እንዲህ ሆኖም ሁለት ጊዜ ወድቋል። በሁለተኛው ውድቀቱ ማግሥት ወደ ሶላት አልመጣም። ለምን ብለን ስንጠይቀው «የጠጣ ሰው 40 ቀን ሶላቱ ተቀባይነት የለውም አይደል?» አለን። ይህ ብዙዎችን ከመስጊድ ያስቀረ የተሳሳተ አረዳድ ነው። ዑለማዎች ሐዲሱን ሲያብራሩ፣ ጠጪው የሶላቱን ምንዳ ያጣል እንጂ የመስገድ ግዴታው ከላዩ አይወርድም ብለዋል። ሶላትን ቢተው በአንድ ወንጀል ላይ ሌላ ከባድ ወንጀል ጨመረ ማለት ነው። ደግሞም በሱረቱ ኒሳእ የወረደው ክልከላ ሲመጣ ሶሐቦች የመጠጫ ሰዓታቸው ከዒሻእ በኋላ ወዳለው ጊዜ ጠቦ ነበር። አምስት ወቅት የሚሰግድ ሰው ለመጠጥ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። ታዲያ ሶላትን ከጠጪ መውሰድ መድኃኒትን ከበሽተኛ መንጠቅ አይሆንም?

ድጋፉም ወሰን አለው። ነውርን መሸፈን ማለት መዋሸት አይደለም። ለመጠጥ የሚውል ብር አናበድርም። ከመሥሪያ ቤቱ ለቀረበት ቀን የሐሰት ምክንያት አንፈጥርለትም። እርሱን ለመጠበቅ ብለን ኸምር በሚዞርበት ማዕድ አንቀመጥም፤ ወደ እኛ ማዕድ እንጠራዋለን እንጂ። ሚስቱን የሚደበድብ፣ የልጆቹን ጉሮሮ የሚዘጋ ከሆነም የእነርሱ ደኅንነት ከእርሱ ክብር ይቀድማል። ያን ጊዜ ዝምታ ሲትር ሳይሆን በደል ነው።

ምዕራባውያን ይህን በመከራ ተምረዋል። በ1935 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሁለት ጠጪዎች ተገናኝተው እርስ በርስ መደጋገፍ ጀመሩ። ከዚያ የተነሣው የአልኮሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ዓለምን አዳርሷል። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በባልቲሞር ከተማ ሙስሊሞች ይህንኑ መንገድ ከዲናቸው ጋር አስማምተው ሚላቲ ኢስላሚ የተባለ ስብስብ መሠረቱ። እነርሱ አዳራሽ ተከራይተው በሳምንት የሚገናኙትን፣ እኛ አላህ በቀን አምስት ጊዜ በነጻ ይሰበስበናል። የጎደለን መሰብሰቢያው ሳይሆን አጠገባችን የቆመውን ሰው ማየት ነው።

በየመስጊዱ ያላችሁ የጀመዓ ኃላፊዎች፣ ወጣቶችና ሽማግሌዎች ሆይ! ምስጢር የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ምረጡ። ወንድሙ ሲጠፋ የሚጠይቁ፣ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሱ፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለችውን ሰዓት አብረውት የሚቀመጡ ይሁኑ። ትልቅ በጀትም ጽሕፈት ቤትም አይፈልግም።

ያ ወንድም ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ ሰባት ወር ሆኖታል። ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ ቢወድቅ እንኳ በመግሪብ ሶፍ ላይ ትከሻዬን ከትከሻው አላርቅም።

ወላሁ አዕለም።